ስታቲስቲክስ ተምሬ ስጨርስ ወዴት ልሂድ? በሰሜን ሸዋ ያላችሁ ባለሙያዎች ምከሩኝ

ጠያቂ፦ የሞላሌ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍል የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያደግሁት መንዝ ውስጥ በሞላሌ አካባቢ ሲሆን፣ ወላጆቼ ገብስና ባቄላ እያረሱ፣ በግ እያረቡ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። የ1ኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ጨርሰን የትምህርት ክፍል ስንመርጥ በመጀመሪያ የሞላሁት ኮምፒውተር ሳይንስን ነበር፤ ውጤቴ ስላልደረሰ 3ኛ ምርጫዬ የነበረው ስታቲስቲክስ ደረሰኝ። በመጀመሪያው ሴሚስተር አዝኜ ነበር። የናሙና አወሳሰድ ትምህርት ስንጀምር ግን፣ ከአንድ ወረዳ ጥቂት መቶ ቤቶችን በአግባቡ መርጦ በመጠየቅ ስለ ወረዳው ሕዝብ ሁሉ መናገር እንደሚቻል፣ የግምቱ ስህተት ምን ያህል ሊሆን እንደሚችልም አስቀድሞ ማስላት እንደሚቻል ስረዳ ትምህርቱ ልቤን ወሰደው። ስለዚህ ትምህርቱን ልተወው ወይ ብዬ አይደለም የምጠይቃችሁ።

ባለፈው ክረምት ቤት ስገባ አባቴ «ለመሆኑ ስትመረቂ ምን ተብለሽ ልትጠሪ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የጎረቤታችን ልጅ ነርስ ናት፣ የአጎቴ ልጅ መምህር ነው፤ ሥራቸው ሳይብራራ ይገባዋል። እኔም መረጃ ሰብስቦና መርምሮ ለውሳኔ ማቅረብ፣ በአጭሩ ቁጥርን ማጥናት ነው አልኩት። ጥቂት አሰበና «ቁጥሩ የምን ቁጥር ነው?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ፤ ጥያቄውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ልትመልሱልኝ የምፈልገው ይህን ነው። አዲስ አበባ ሳልሄድ በሰሜን ሸዋ ውስጥ በዚህ ሙያ ልቀጠርበት የምችል ሥራ አለ ወይ? ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ዕድል ባገኝ ባዮስታቲስቲክስን (የጤናና የሕይወት ሳይንስ ስታቲስቲክስን)፣ አጠቃላይ ስታቲስቲክስን ወይስ አሁን ሁሉም የሚያወራለትን ዳታ ሳይንስን ልምረጥ? በሚቀጥለው ዓመት ለምሠራው የመመረቂያ ጥናት እስከ ሰኔ ርዕስ ማሰብ አለብኝና፣ ከመመረቄ በፊት በእጄ ልይዘው የሚገባኝ ዕውቀት ምንድን ነው? ብዙዎቹ ጓደኞቼ ኤስፒኤስኤስ ለተባለ የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ሥልጠና ገንዘብ እየከፈሉ ነው፤ እኔ ግን ከቤት የሚላክልኝ ውስን ስለሆነ ያለ ምክር ማውጣት አልፈልግም።

መልስ፦ የዕቅድ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት የራሴን የተማሪነት ዘመን እያስታወስኩ ነው። ከተመረቅሁ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ አሁን በዞናችን በሚገኝ መሥሪያ ቤት በዕቅድና ክትትል ክፍል እሠራለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንድታውቂው እፈልጋለሁ። «ስታቲሺያን» የሚል መጠሪያ ያለው ክፍት የሥራ መደብ ብቻ ከፈለግሽ በዞኑ የምታገኚው በጣም ጥቂት ነው። ሥራው ግን በሌላ ስም ተቀምጧል። የዕቅድ፣ ክትትልና ግምገማ ባለሙያ፣ የመረጃ ትንተና ባለሙያ፣ የጤና መረጃ ባለሙያ እየተባለ በየወረዳው በጤና፣ በትምህርት፣ በግብርናና በገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ይወጣል፤ ማስታወቂያውም አብዛኛውን ጊዜ «በስታቲስቲክስ፣ በኢኮኖሚክስ ወይም በተዛማጅ ሙያ» ስለሚል ከኢኮኖሚክስ ምሩቃን ጋር ትወዳደሪያለሽ። ስለዚህ ስለምትወዳደሪበት ዘርፍ ከእነርሱ ያላነሰ ማወቅ ይኖርብሻል።

እኔ የጀመርኩት በግብርና ናሙና ጥናት መረጃ ሰብሳቢነት፣ በመርሐቤቴ ቆላ ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው፣ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ሲባል የነበረው መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያካሂደው ጥናት ነው። ማሳ እንለካለን፤ ሰብሉ ሲደርስ ደግሞ ከማሳው ውስጥ በዕጣ የደረሰውን 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ከልለን፣ አጭደንና ወቅተን እንመዝናለን። ሥራው አድካሚ፣ አበሉም ትንሽ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ በቢሮ ተቀምጬ ያነበብኩትን ሪፖርት ሁሉ የፈተንኩት በዚያ በተማርኩት ነው። ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ወረዳ የመጣ የምርት ሪፖርት ላይ የቀበሌዎቹ ሁሉ የስንዴ ምርታማነት በሄክታር እስከ ነጥቡ ድረስ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። አማካዩ የሚታመን ቁጥር ስለነበረ ብዙዎች አይተውት አልፈዋል። እኔ ግን ጎን ለጎን የሚገኙ ሁለት ማሳዎች እንኳ እኩል ሲሰጡ አይቼ አላውቅም። ቫሪያንሱ፣ ማለትም የቁጥሮቹ መለያየት፣ ዜሮ የሆነ መረጃ ማሳ ላይ ያልተለካ፣ በጠረጴዛ ላይ የተከፋፈለ ቁጥር መሆኑን ለአለቆቼ ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ሪፖርቱ ተመልሶ እንደገና ተሠራ። አባትሽ «የምን ቁጥር ነው?» ብለው የጠየቁሽ ጥያቄ በእኔ ሥራ በየቀኑ መጠየቅ ያለበት ነው።

ሥራው ያልቃል ብለሽ አትስጊ። አገራችን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ሲሆን አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ የዛሬው የወረዳ ሕዝብ ቁጥር የሚገመተው ከ1999ኙ ቆጠራ ተነሥቶ ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያ ወዲህ በፋብሪካና በተፈናቃይ ወገኖቻችን ምክንያት ምን ያህል እንዳደገች በዓይናችን እናያለን፤ ክትባቱም፣ የመማሪያ መጽሐፉም፣ በጀቱም የሚደለደለው በዚያ ግምት ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል።

የዕርዳታ ድርጅቶችን በተመለከተ ግን እንድትጠነቀቂ እመክርሻለሁ። ቀደም ሲል የስታቲስቲክስ ምሩቅ የተሻለ ደመወዝ የሚያገኘው በእነርሱ የክትትልና ግምገማ ክፍል ነበር። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ ብዙ የሙያ ጓደኞቼ በአንድ ወር ውስጥ ውላቸው ተቋርጧል። ዕድሉ ሲገኝ ይሠራበታል እንጂ የሕይወት ዕቅድ አይመሠረትበትም።

መልስ፦ የግብርና ተመራማሪ፣ ሰሜን ሸዋ

የመንዝ ልጅ ሆነሽ፣ ቤተሰቦችሽ በግ የሚያረቡ ሆነው፣ ስለ መመረቂያ ጥናትሽ ስትጠይቂ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ እንጂ የስታቲስቲክስ ምሩቅ አይደለሁም፤ ነገር ግን በየዓመቱ ከሁሉ በላይ የሚቸግረኝ የአንቺ ሙያ ሰው ማጣት ነው።

በመንዝ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳን ከመሳሰሉ ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ ጀምሯል። መነሻው ቀላል የሚመስል ችግር ነው። ገበሬው ቶሎ ያደገውንና የወፈረውን ጠቦት ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ገበያ ይሸጠዋል፤ ከመንጋው ጋር ቀርቶ የሚያስወልደው ገዢ ያልፈለገው ነው። ይህ ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም ሳይታወቅ ደካማውን መርጦ ማራባት ሆነ። ስለዚህ ግልገሎች ሲወለዱ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ይደረጋል፤ ሲወለዱ፣ ጡት ሲጥሉና በስድስት ወራቸው ይመዘናሉ፤ ከዚያም ገበሬዎቹ ራሳቸው ካቋቋሙት ኮሚቴ ጋር ሆነው የሚቀሩትን አውራዎች ይመርጣሉ።

አሁን የአንቺ ሙያ የሚገባበትን ቦታ ተመልከቺ። በስድስት ወሩ 17 ኪሎ የመዘነ ጠቦት 15 ኪሎ ከመዘነው ይበልጣል ማለት ነው? ክብደቱ ብቻውን ይህን አይነግረንም። አንዱ ነጠላ ሆኖ ተወልዶ ጡት ብቻውን የጠባ፣ ሌላው መንታ ሊሆን ይችላል። አንዱ ከጎለመሰች እናት፣ ሌላው ገና የመጀመሪያዋን ከወለደች ሊሆን ይችላል። አንዱ ሣር በሞላበት መስከረም፣ ሌላው በድርቁ ወራት አድጎ ይሆናል። የተመዘኑበት ዕለትም ይለያያል። እነዚህን ሁሉ አስተካክሎ፣ የዘመዶቹንም ክብደት ጨምሮ «ይህ አውራ ለልጆቹ የሚያወርሰው ምን ያህል ነው?» የሚለውን መገመት ያስፈልጋል። ቻርለስ ሄንደርሰን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ለከብት እርባታ ያዘጋጀው የቅይጥ ሞዴል ስሌት የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ በስታቲስቲክስ ክፍሎች ሁሉ የሚሰጠው የቅይጥ ሞዴል ትምህርት ብዙ ነገሩን የተዋሰው ከዚያ ነው። ስሌቱን ሶፍትዌር ይሠራዋል። ሆኖም የትኛው ነገር ቋሚ ተጽዕኖ (እንደ መንታነት ያለ)፣ የትኛው ደግሞ ዘፈቀዳዊ (እንደ እያንዳንዱ አውራ ያለ) ተብሎ ይግባ የሚለውን ለመወሰን በጎቹን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። መንታ መውለድ በመንዝ በግ ብዙም እንደማይዘወተር የማያውቅ ሰው በሞዴሉ ውስጥ ለጥቂት መንታዎች ከሚገባው በላይ ክብደት ሊሰጥ ይችላል።

በሰብል በኩልም እንዲሁ ነው። ሮናልድ ፊሸር በእንግሊዝ በሮትሃምስትድ የእርሻ ጣቢያ ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራው የሙከራ ንድፍ የተወለደው ከማሳ ነው። እነዋሪ ሄደሽ በጥቁር አፈር ላይ የስንዴ ሙከራ ብታይ ለምን ብሎክ፣ ማለትም ተመሳሳይ መሬት ያላቸውን መደቦች በአንድ መመደብ፣ እንደሚያስፈልግ መምህር ሳያስረዳሽ ይገባሻል፤ ከማሳው ግርጌ ውኃ ይተኛል፣ ከራስጌው ይጠነፈፋል። ብሎኮቹን የውኃውን አካሄድ ሳያይ ከላይ ወደ ታች ያስረዘመ ሰው በአንዱ ብሎክ ውስጥ ደረቁንና ረግረጉን ይቀላቅላል፤ የዘር ልዩነት መስሎት የሚጽፈውም የውኃ ልዩነት ይሆናል። እንዲህ ዓይነት የጥናት ጽሑፍ ለግምገማ ደርሶኝ ያውቃል፤ ልጁ የተጠቀመበት ቀመር ትክክል ነበር፣ የአንድ ዓመት ድካሙ ግን ከንቱ ሆነ። እጅግ አዘንኩለት።

በእኔ አስተያየት የመመረቂያ ጥናትሽ በበግ ዕድገት መረጃ ላይ ቢሆን፣ ለአባትሽም ጥያቄ መልስ ትሰጫቸዋለሽ።

መልስ፦ ከደብረ ሲና፣ አሁን አዲስ አበባ

ከላይ የጻፉትን ሁለቱንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ነገር አልስማማም። እህቴ ገና የ3ኛ ዓመት ተማሪ ናት። አሁኑኑ በበግ ወይም በሰብል እንድትወሰን መምከር ሌላውን በር ሊዘጋባት ይችላል። የዘርፍ ዕውቀት በሥራ ላይ ይገኛል፤ የሊኒየር አልጀብራ፣ የፕሮባቢሊቲና የስታቲስቲክስ ቲዎሪ ዕውቀት ግን በተማሪነት ጊዜ ካልተያዘ፣ ቤተሰብና የቢሮ ሥራ ከመጣ በኋላ ተመልሶ ለመያዝ እጅግ ይከብዳል። ይህን የምለው ራሴ ስለተቸገርኩ ነው።

እኔ በባንክ የብድር ሥጋት ክፍል እሠራለሁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ባንኮችና ኢንሹራንሶች ዓለም አቀፉን የሒሳብ አያያዝ ደረጃ እንዲከተሉ ግዴታ ጥሎባቸዋል። በዚህ ደረጃ መሠረት ባንክ ብድር ከተበላሸ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ፣ ተበዳሪው ሳይከፍል የመቅረቱን ዕድል፣ ባይከፍል የሚጠፋውን ድርሻና በዚያን ጊዜ የሚኖረውን ቀሪ ብድር ገምቶ መጠባበቂያ መያዝ አለበት። የመጀመሪያው በሎጂስቲክ ሬግሬሽን ወይም በሰርቫይቫል ትንተና የሚገመት ነው፤ እነዚህን የምትማሩት እናንተ ናችሁ እንጂ የአካውንቲንግ ምሩቅ አይደለም። ኢንሹራንሶችም የአክቹዋሪ (የኢንሹራንስ ሥጋትን የሚያሰላ) ባለሙያ በብርቱ ይቸግራቸዋል። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ስለጀመረ ይህ ዘርፍ እየሰፋ መሄዱ አይቀርም። እርግጥ ነው፣ ይህ ሥራ ያለው በዋና መሥሪያ ቤቶች ስለሆነ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ አይገኝም።

ስለ ሶፍትዌሩ፦ ለኤስፒኤስኤስ ሥልጠና ገንዘብሽን አታውጪ። በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጀንትልማን የተጀመረው አር የተባለ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በነፃ የሚወርድ ነው፣ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራል፤ ከእርሱ ጋር ኤክሴልን በደንብ ዕወቂ። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሊከተል ይችላል። ለመስክ መረጃ አሰባሰብ የአሜሪካ የቆጠራ ቢሮ የሚያዘጋጀውን ሲኤስፕሮንና ኮቦን ተለማመጂ፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ዳታ ሳይንስ የሚባለውም የሚያስፈልገው መሠረት አሁን የምትማሪውን ነው። በጥቂት ሳምንት ሥልጠና ይህን ማካካስ እንደሚቻል ለሚነግርሽ ሰው አትክፈዪ።

ጠያቂ፦ የሞላሌ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከደብረ ሲና የመጡት ወንድሜ እንዳሉት ቲዎሪውን እንዳልሸሸው ወስኛለሁ፤ የስታቲስቲክስ ቲዎሪ ሁለተኛው ኮርስ ላይ ያገኘሁት ውጤት ደካማ ስለነበረ በክረምቱ እንደገና አጠናዋለሁ። ስለ በጎቹ የተጻፈውን ለአባቴ በስልክ አነበብኩለት። ከጎረቤት ቀበሌ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ያላቸው በጎች ገበያ ላይ አይቶ እንደሚያውቅ፣ ምክንያቱን ግን ጠይቆ እንደማያውቅ ነገረኝ። የቀረችኝ የሁለተኛ ዲግሪው ጥያቄ ናት፤ ስለ ጤና ዘርፍም የጻፈ ስለሌለ የምታውቁ ብትጨምሩልኝ።

መልስ፦ የባዮስታቲስቲክስ መምህርት

ልጄ፣ ስለ ጤናው ልንገርሽ። በገጠር ያለው መረጃ የሚጀምረው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቤተሰብ ማኅደር ነው፤ ከዚያ በጤና ጣቢያ፣ በወረዳና በዞን አልፎ ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው ሥርዓት ወደ ጤና ሚኒስቴር ይደርሳል። በመንገዱ ላይ ይዛባል። ስለዚህ ጤና ተቋማት በየወሩ ከሪፖርቱ 12 ቁጥሮችን በዕጣ አውጥተው ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ፤ ስንቱ እንደገጠመ ቆጥረው በሰንጠረዡ ላይ የመረጃውን ጥራት ያነባሉ። ይህ ዘዴ ከፋብሪካ የዕቃ ጥራት ቁጥጥር የተወሰደ የናሙና ስሌት ነው። የሚያሳዝነው፣ 12ቱን የሚያወጡት ብዙ ሠራተኞች ለምን 12 እንደሆነ፣ ሰንጠረዡም ከየት እንደመጣ የሚያስረዳቸው አላገኙም። ዕጣው ቀርቶ የሚመቻቸውን ገጽ ከፍተው የሚያመሳክሩ አጋጥመውኛል፤ እንዲህ ሲሆን ሰንጠረዡ ትርጉም ያጣል። ባይኖሚያል ስርጭትን (ከተወሰኑ ሙከራዎች ስንቱ የመግጠም ዕድል እንዳለው የሚያሰላውን) የምታውቂ አንቺ በአንድ ከሰዓት በኋላ ልታስረጂያቸው ትችያለሽ።

ሁለተኛ ዲግሪን በተመለከተ፣ በጤና ዘርፍ እንደምትቀጥዪ እርግጠኛ ከሆንሽ ባዮስታቲስቲክስን በጅማ ወይም በጎንደር መማር ትችያለሽ። እርግጠኛ ካልሆንሽ አጠቃላይ ስታቲስቲክስን ውሰጂ፤ ከእርሱ ወደ ጤናም ወደ ባንክም መሻገር ይቻላል፣ በተቃራኒው ግን መንገዱ ይጠባል። ከአገር ውጭ ለመማር ካሰብሽ በቤልጂየም ያለው ሃሴልት ዩኒቨርሲቲ ብዙ ኢትዮጵያውያን የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የተማሩበት ነው፤ በ2003 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ የተመሠረተው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋምም በሩዋንዳና በሌሎች አገሮች ባሉት ማዕከሎቹ በስኮላርሺፕ ያስተምራል። የማመልከቻውን መስፈርት ከተቋማቱ ድረ ገጽ በየዓመቱ ራስሽ አረጋግጪ። ለማንኛውም ግን የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ይቀድማል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ እርሱ ዲግሪ አይሰጥም። ለፈተናው ብቻ ብሎ ያለፉ ጥያቄዎችን መሸምደድ አይረዳም።

እስከዚያው ግን እውነተኛ መረጃ ይዘሽ ተለማመጂ። የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎችን የሸፈነ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን መረጃ እንደ ተራ የዕጣ ናሙና ቆጥሮ የሚተነትን ተማሪ የስህተቱን መጠን አሳንሶ ይጽፋል። በአንድ መንደር ያሉ ቤቶች ስለሚመሳሰሉ 25 ቤቶች የ25 ቤቶችን ያህል አዲስ ነገር አይነግሩንም። ይህን በክላስተር (ከአንድ ቦታ አብረው በተመረጡ ቤቶች ስብስብ) አስተካክለሽ መሥራት ከቻልሽ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚበቃ ነገር በእጅሽ አለ።

መልስ፦ የግብርና ተመራማሪ፣ ሰሜን ሸዋ

አንድ ነገር ልጨምር። የበጎቹን መረጃ ለመጠቀም ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ ያስፈልግሻል፤ ከአማካሪ መምህርሽ ጋር ሆነሽ ርዕሱን በአንድ ገጽ ጻፊና በመደበኛው መንገድ ለምርምር ማዕከሉ አቅርቢ። ርዕሱን አታስፊው። የልደት ዓይነትና የእናት ዕድሜ በስድስት ወር ክብደት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ ለመጀመሪያ ዲግሪ ይበቃል፤ የዝርያ ዋጋ ግምቱ (አውራው ለልጆቹ የሚያወርሰውን ማስላት) ለሁለተኛ ዲግሪሽ ይቆይልሽ። ክረምት ሞላሌ ስትወርጂ የአባትሽን ግልገሎች በሚንጠለጠል ሚዛን መዝነሽ፣ የተወለዱበትን ቀንና እናታቸውን በደብተር መዝግቢ። ለጥናቱ የሚበቃ ብዛት አይኖራቸውም፤ ግልገሉ እየተወራጨ ሚዛኑን ማንበብ ምን ያህል እንደሚያሳስት ግን ታያለሽ። አንዱን ግልገል ሦስት ጊዜ መዝነሽ ሦስቱንም ቁጥሮች ጻፊያቸው።